ቀኝ ትከሻዬ ኮርኒስ አላስቀባኝ አለ፤ ጅማት ነው ወይስ ሌላ?

ባለሮለሩ (ግንቦት 9)

ሰላም ለሁላችሁ። ቀለም ቀቢ ነኝ። ዕድሜዬ 46 ነው፤ 22ቱን ዓመት ያሳለፍኩት ሮለር ይዤ ነው። አያት፣ ሰሚት፣ ጀሞ፣ ገላን፣ ያልቀባሁበት ኮንዶሚኒየም የለም ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ነገሩ እንዲህ ጀመረ። ከፋሲካ በፊት አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ያዝኩ። ባለቤቱ ለበዓል ካልገባሁ ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። ረዳቴ በሦስተኛው ቀን የተሻለ ሥራ አግኝቶ ጠፋ። ብቻዬን የሁሉንም ክፍል ኮርኒስ ስቱኮ አለበስኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ ሁለት ሁለት እጅ ቀለም ደረብኩበት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንጋጥጬ፣ እጄን ከራሴ በላይ ሰቅዬ። ሥራው አለቀ፣ ብሬን ተቀበልኩ፣ በግም ገዛሁ። በማግስቱ ጠዋት ሹራብ ልለብስ እጄን ሳነሳ ትከሻዬን ወጋኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እጄን በጎን ሳነሳ መጀመሪያ ላይ ምንም የለም። ደረቴ አካባቢ ሲደርስ መውጋት ይጀምራል። ከጆሮዬ በላይ ካለፈ ደግሞ ይገርማችኋል፣ ቀለል ይላል። ሳወርደው እዚያችው ቦታ ላይ ይመለሳል። ሕመሙ ከትከሻዬ ጫፍ ተነስቶ ክንዴ መሃል ድረስ ይወርዳል፤ ከክርኔ አያልፍም። ጋቢ ወደ ኋላ መጣል አልችልም። ከኋላ ኪሴ ብር ማውጣትም ድሮ ቀረ። ታክሲ ውስጥ ሒሳብ ሲጠየቅ በግራ እጄ ወገቤን ስዳብስ ረዳቱ «አባት፣ የለህም እንዴ?» ይለኛል።

ክፉው ሌሊቱ ነው። በቀኝ ጎኔ ከዞርኩ ነቃሁ ማለት ነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ ጣሪያ ሳይ ነው የማድረው። የራሴ ቤት ጣሪያ ደግሞ ቀለም አልተቀባም፤ ሚስቴ ሁሌ የምትለው ነው።

ምን አደረግሁ? ፋርማሲ ሄጄ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ገዛሁ፤ ሦስት ቀንም በመርፌ ተወጋሁ። ስወጋ ይተወኛል፤ ሲያልቅ ይመለሳል። ከዚያ ሰው ውልቃት ነው ብሎኝ ወጌሻ ጋ ሄድኩ። ሰውየው በቅቤ እያሸ ስለ ልጆቼ እየጠየቀኝ፣ ሳላስበው ክንዴን ይዞ ወደ ላይ ነጠቀው። ጧ አለ። «ገባ» አለኝ። ምን እንደገባ አላውቅም፤ እኔ ግን ሁለት ሳምንት ባሰብኝ። በመጨረሻ ክሊኒክ ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። «አጥንትህ ሰላም ነው፣ ምንም የለህም» ተባልኩ። ምንም ከሌለኝ ለምን አልተኛም?

አንዱ ጅማትህ ተበጥሷል፣ ኦፕራሲዮን ነው ይለኛል። ሌላው ስድስት ወር እጅህን እንዳታነሳ ይላል። ስድስት ወር ካላነሳሁ ማን ያበላኛል? የምታውቁ ንገሩኝ።

ሰፈርተኛ (ግንቦት 9)

ወጌሻው አልቻለበትም ማለት ነው እንጂ ወጌሻ እንዲህ አያደርግም። የኔን ቁርጭምጭሚት በአንድ ቀን ነው ያስተካከሉልኝ። ዋግምትስ ሞክረሃል? ብርድ ሊሆን ይችላል። እግዚአብሔር ይማርህ።

ፊዚዮዋ (ግንቦት 10)

ጋሼ ባለሮለሩ፣ እግዚአብሔር ይማርዎት። ጎንደር ተምሬ አሁን አዲስ አበባ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሳላይዎት በሽታዎ ይህ ነው አልልም። የጻፉት ግን በሳምንት አራት አምስት ጊዜ የምሰማው ታሪክ ነው፤ ልዩነቱ በጉ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። እኛ አገር «ጅማት» ስንል የደም ሥሩንም ነርቩንም አንድ ላይ እንጠራለን። እዚህ የማወራው ጡንቻን ከአጥንት ጋር ስለሚያስረው ጠንካራ ማሰሪያ ነው። የትከሻ መገጣጠሚያ የሲኒ ማስቀመጫ ላይ እንደተቀመጠች ሎሚ ነው። ማስቀመጫው ጎድጓዳ አይደለም፤ ስለዚህ ሎሚዋን ከቦታዋ እንዳትንሸራተት ይዘው የሚያቆዩ አራት ጡንቻዎች አሉ። ጅማቶቻቸው ዙሪያውን አቅፈዋታል። ከላይ ያለው ጅማት እንደ ጣሪያ በተዘረጋ አጥንት ሥር ያልፋል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳውም እሱ ነው።

ይህ ጅማት ዘጠኝ ቀን ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይቆጣል፣ ያብጣል። ከ40 ዓመት በኋላ ደግሞ እንደ ቆየ ነጠላ ጫፍ መተርተር ይጀምራል። የተተረተረ ነጠላ ግን አሁንም ይለበሳል። «ጅማትህ ተበጥሷል» የሚለው ቃል ሰው ስለሚያስደነግጥ ነው ይህን የምለው። ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ፣ አንድም ቀን ትከሻዬን ብለው የማያውቁ ሰዎች ሲታዩ እንኳ ብዙዎቹ ላይ የተቀደደ ጅማት ይገኛል።

እጅ በጎን ሲነሳ መሃል ላይ ወግቶ ከላይ የሚለቅ ከሆነ፣ ሌሊት በዚያ ጎን የማያስተኛ ከሆነ፣ ሕመሙ ከክርን የማይወርድ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ጅማት ነው። ግን ሦስት ነገር ቤትዎ ይሞክሩልኝ፤ ባለቤትዎ ያግዙዎት።

አንደኛ፣ ክርንዎን ከጎንዎ አጣብቀው 90 ዲግሪ ይጠፉት። አሁን መዳፍዎን ወደ ውጭ ይክፈቱ፣ በር እንደሚከፈት። ከዚያ እርስዎ ዘና ብለው ባለቤትዎ ያዙሩት። ከግራው እኩል ከሄደ ጥሩ ነው። እሳቸው ሲያዞሩትም ግድግዳ እንደነካ ቀጥ ካለ፣ ጉዳዩ ጅማት ሳይሆን የመገጣጠሚያው ከረጢት መድረቅ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ባለቤትዎ እጅዎን በጎን እስከ ላይ ያንሱት፤ ቀስ ብለው ይልቀቁት። እርስዎ በዝግታ ያውርዱ። እያመመም ቢሆን ከወረደ ይሁን። መሃል ላይ ሲደርስ እንደ ተበጠሰ ገመድ ዱብ ካለ ግን ትልቅ ቀዳዳ ሊሆን ስለሚችል የአጥንት ሐኪም ይይዎት። ሕመምና ድካም ይለያያሉ። «ያመኛል ግን ይነሳል» እና «እምቢ አለኝ» አንድ አይደሉም።

ሦስተኛ፣ የእናንተ ሥራ ሽቅብ ማየት ስላለበት አንገትም አይረሳ። አንገትዎን ሲያዞሩ ሕመሙ ከክርን በታች ከወረደ፣ ጣትዎን ካደነዘዘዎት ወይም ከነዘረዎት፣ ምንጩ ከአንገት የሚመጣ ነርቭ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር በመሃል። ሌላ አንባቢ ካለ፣ የግራ ትከሻ ደረጃ ሲወጡ ብቻ ከታመመ፣ ደረት ከጨመደደና ላብ ካጠመቀ ልብ ሊሆን ይችላልና የትከሻ ፎረም ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ትከሻው አብጦ፣ ቀልቶ፣ ትኩሳት ካለም እንዲሁ።

ራጁ አልዋሸም። ራጅ የሚያየው አጥንት ነው፤ ጅማት አይታይበትም። ጅማት የሚታየው በአልትራሳውንድ ነው፣ እርጉዞች በሚታዩበት ያው መሣሪያ፤ የሚያየው ባለሙያ ግን ትከሻ ማየት የለመደ መሆን አለበት። ኤምአርአይም አለ፤ ውድ ነው፤ ለእርስዎ አሁኑኑ አስፈላጊ አይመስለኝም።

ወጌሻን አልንቅም። አያቴም ያሹ ነበር። ግን ያልወለቀ ትከሻ አይጎተትም። የተቆጣ ጅማት በድንገት ሲነጠቅ የባሰ ሊቀደድ ይችላል። ዋግምቱም ብርዱም ይቅርብዎት።

አሁን ወደ ሕክምናው። ስድስት ወር እጅህን አታንሳ ያሉዎት ተሳስተዋል። ጨርሶ ያረፈ ጅማት ይደክማል፤ ትከሻውም ሊደርቅ ይችላል። እንደ በፊቱ መሥራትም አይሆንም። የሚያድነው በልክ የተሰጠ ሸክም ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግድግዳ አጠገብ በጎንዎ ይቁሙ። ክርንዎን አጥፈው የእጅዎን ጀርባ ግድግዳው ላይ ያሳርፉና ወደ ውጭ ይግፉ። እጅዎ አይንቀሳቀስም፤ ግድግዳውም እንደዚያው። እስከ 30 ይቁጠሩ። አምስት ጊዜ፣ በየቀኑ። ከዚያ ጎሚስታ ቤት ሄደው አሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ይለምኑ። ቆርጠው በር እጀታ ላይ ያስሩት። በክርንዎና በጎንዎ መሃል የታጠፈ ፎጣ ያስገቡ፤ ከመነዳሪውን ወደ ውጭ እየሳቡ በዝግታ ይመልሱ። 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ቀን እየዘለሉ። ፎጣው ከወደቀ ክርንዎ ከጎንዎ ርቋል ማለት ነው። እሱ ሲቀልዎት ግማሽ ሊትር ውኃ የሞላ ሃይላንድ ይዘው እስከ ትከሻዎ ቁመት ማንሳት ይከተላል።

ትንሽ ቢያምዎ አይፍሩ። ከአሥር ሦስት ወይም አራት ያህል ሕመም ይፈቀዳል። ልኩ የሚታወቀው በማግስቱ ጠዋት ነው። ጠዋት ከትናንቱ ካልባሰ ይቀጥሉ፤ ከባሰ ግማሹን ይቀንሱ። ለውጥ ለማየት ስድስት ሳምንት፣ ለደህና ለውጥ ሦስት ወር ይስጡት። በ10 ቀን የሚተዉት ናቸው ተመልሰው የሚመጡብኝ።

ለፊዚዮ መመላለሻ የለኝም ለሚሉም አንድ ነገር። እ.ኤ.አ. በ2021 እንግሊዝ ውስጥ 708 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቶ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ ተመክረውና እንቅስቃሴውን ተምረው ቤታቸው የሠሩት ሰዎች፣ እስከ ስድስት ጊዜ ከተመላለሱት ያነሰ ውጤት አላገኙም። እንጀራዬን ነው እየቆረስኩ ያለሁት፤ ግን እውነት ነው። እዚያው ጥናት ላይ ትከሻ ውስጥ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ በዓመቱ ሲታይ ለውጥ አላመጣም። መርፌው ለጥቂት ሳምንታት ያስተኛል፤ ሌሊቱ ጨርሶ ካልተቻለ ሐኪም ሊሰጠው ይችላል። እየደጋገሙ መወጋት ግን ጅማቱን ያደክማል።

ዳይክሎፌናኩን ከሐኪም ጋር ይነጋገሩበት። ጨጓራ ያቆስላል፣ ደም ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ፋርማሲ በር ላይ እየቆሙ ለወራት የሚወሰድ አይደለም።

ሌሊት በግራ ጎንዎ ይተኙና ትራስ አቅፈው ቀኝ ክንድዎን ላዩ ላይ ያሳርፉ። በጀርባዎ ከተኙ ደግሞ ከክርንዎ ሥር የታጠፈ ጋቢ ያስገቡ።

አንድ ጥያቄ፦ ባለፉት ወራት ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) የሚባለውን አንቲባዮቲክ ወስደዋል? ሲጋራስ? ስኳር ተመርምረው ያውቃሉ?

የጉለሌዋ (ግንቦት 10)

የኔ ወንድም፣ ፊዚዮዋ ስኳር ስትል ብድግ አልኩ። እኔ እንጀራ ጋግሬ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። 57 ዓመቴ ነው፤ ስኳር አለብኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ግራ ትከሻዬን ያዘኝ። አክንባሎ የማነሳው በግራ ስለሆነ ከሥራው ነው አልኩ። ቀስ በቀስ እጄ ጭራሽ አልሄድ አለ። እኔ ብቻ ሳልሆን ልጄም ብትስበው አይሄድም። ነጠላ ማጣፋት፣ ፀጉሬን መጎንጎን፣ የጡት መያዣ ከኋላ መቆለፍ፣ ሁሉም ቀረ። ልጄ እንደ ሕፃን ታለብሰኝ ነበር።

የኔ ጅማት አልነበረም። ትከሻዬ ደርቋል ተባልኩ። ስኳር ያለበትን ሰው ይወዳል አሉኝ። ያንን የስቴሮይድ መርፌ ወጉኝ፤ ሌሊት መተኛት ቻልኩ፤ ስኳሬ ግን ለቀናት ሰማይ ወጣ። ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ራሱ ፈታልኝ። አሁን ነጠላዬን ራሴ አጣፋለሁ፤ ወደ ኋላ ብቻ ትንሽ ይቀረዋል። ስኳርህን ተመርመር።

ደለስ ኤርፖርት (ግንቦት 11)

ከቨርጂኒያ ነው። ታክሲ እነዳለሁ። የኔን ልንገርህ፣ ያንተ አይነት ስላልሆነ ነው። ጃንዋሪ ላይ በረዶ አንሸራቶኝ በቀኝ እጄ ላይ ወደቅኩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እጄ አልነሳ አለ። ሕመሙ በሳምንቱ ቀነሰ፤ እጄ ግን ያው ነው። በግራ እጄ ደግፌ ካነሳሁት ይሄዳል፤ ስለቀው ይወድቃል። ሐኪሙ ቶሎ ኤምአርአይ አዘዘ፤ ሙሉ በሙሉ ተቀዷል አለኝ። በወደቅኩ በአምስተኛው ሳምንት ተሰፋ። ስድስት ሳምንት በማንጠልጠያ፣ ከዚያ ፊዚዮ። የመንገደኛ ሻንጣ ማንሳት የቻልኩት በሰባተኛው ወር ነው። ወድቆ እጁ ድንገት እምቢ ያለው ሰው ካለ አይዘግይ፤ ሲቆይ ጅማቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መስፋቱም ይከብዳል ብለውኛል።

ባለሮለሩ (ግንቦት 12)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስቱንም ሞከርን። በር መክፈቻው ከግራው እኩል ነው። ሚስቴ እጄን ሰቅላ ስትለቀው እያቃሰትኩ አወረድኩት፤ አልወደቀም። ጣቴ አይደነዝዝም። ሲጋራ ከተውኩ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ስኳር ዛሬ ጠዋት ተመረመርኩ፣ ደህና ነው። ሲፕሮ ግን መጋቢት ላይ ታይፎይድ ተብዬ 10 ቀን ውጫለሁ። ከትከሻ ጋር ምን አገናኘው?

ፊዚዮዋ (ግንቦት 12)

ጥሩ ዜና ነው። ከተናገሩት ጅማቱ የተቆጣ፣ ምናልባት በከፊል የተተረተረ ይመስላል፤ ግን ሥራውን ይሠራል። እንቅስቃሴውን ዛሬ ይጀምሩ። በሁለት ወር ካልተሻለ ወይም እየደከመ ከሄደ አልትራሳውንድ ይታዩ።

ሲፕሮ ጅማት ሊጎዳ ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2008 በዚህ ምክንያት ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ አስለጥፎበታል። በብዛት የሚጎዳው የተረከዝ ጅማት ነው፤ ትከሻም አለበት። የእርስዎን ያመጣው እሱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ዘጠኙ ቀን ይበቃል። ግን ሌላ ጊዜ መድኃኒት ሲታዘዝልዎ ይህን ይንገሯቸው።

ሥራውን በተመለከተ እርስዎ ከኔ ያውቃሉ። የኔ ሐሳብ ክርንዎ ከትከሻዎ በላይ የሚቆይበትን ሰዓት መቀነስ ነው። ለስቱኮና ለማሸት መቆሚያውን ከፍ አድርገው ወደ ኮርኒሱ ይጠጉ። ለሮለሩ ረጅም ዱላ ይግጠሙ፤ ሁለቱም እጅዎ ደረትዎ አካባቢ ይሁን። ልክ ከራስዎ በላይ ያለውን ሳይሆን ከፊትዎ ራቅ ያለውን ይቀቡ። አንድ ሰዓት ኮርኒስ፣ ከዚያ ግድግዳ።

ባለሮለሩ (መስከረም 6)

እንኳን አደረሳችሁ። ጠፋሁ፤ ምክንያቱም ነሐሴና ጳጉሜን እንደምታውቁት ሰው ሁሉ ለአዲስ ዓመት ቤቱን ያስቀባል።

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ ሦስት ሳምንት ምንም ለውጥ አላየሁም። ግድግዳ ስገፋ ልጆቼ ይስቁብኛል። «አባዬ ቤቱን ሊያሰፋው ነው» ይላሉ። አንድ ሁለት ቀንም ተናድጄ ተውኩት። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሌሊት ሳልነቃ አደርኩ። ያን ቀን ሳይሆን በሦስተኛው ቀን ነው ያስታወስኩት። ሐምሌ ላይ ከኋላ ኪሴ ብር አወጣሁ፤ የታክሲው ረዳት ቀድሞ የሚያውቀኝ ነበር፣ «ተገኘ እንዴ!» አለኝ።

አንዴ ተሳስቻለሁ። ነሐሴ ላይ ደህና ነኝ ብዬ አንድ ሳሎን ኮርኒስ በአንድ ቀን ጨረስኩ። ማታውኑ ተመለሰብኝ። አራት ቀን ግማሹን ቀንሼ ስሠራ ረገበ። አሁን ረጅም ዱላ ገዝቻለሁ። ባለቤቶቹ መጀመሪያ ሲያዩኝ ሰነፍ ይመስላቸዋል፤ ከሩቅ ቆሜ ስለምቀባ። ጠዋት ኮርኒስ፣ ከሰዓት ግድግዳ ነው የምሠራው። ረዳትም ያዝኩ፤ ማሸቱን እሱ ነው የሚሠራው። ገንዘቡ ቀንሷል፤ ምን ይደረግ።

የቀረኝ እጄን ከፍ አድርጌ ብዙ ስቆይ የሚመጣ ድካም ነው። ፊዚዮዋ፣ ሃይላንዱን ወደ አንድ ሊትር ላሳድገው? ከመነዳሪውን ደግሞ ትንሹ ልጄ ወንጭፍ ሠርቶበታል። ቅዳሜ ጎሚስታው ጋ ልመለስ ነው።

ፊዚዮዋ (መስከረም 7)

እልል! አንድ ሊትር ያሳድጉ፤ ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ሦስቱን ዙር ወደ ሁለት ያውርዱት። ለልጁም አንድ ቁራጭ ይለምኑለት።